ሶኬቱን ለራውት ፋይሎች ማጋራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው) የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ሁሉንም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ያጭቃል። ሪኩዌስት የሚያስተናግደው ኤክስፕረሱም፣ ሰርቨሩንና ብሮውዘሩን በቀጥታ የሚያገናኘው ሶኬት አይኦውም እዚያው ናቸው፤ ይሠራል። ኮዱ ሲወፍር ራውቶቹ (ለየአድራሻው የሚመጣውን ሪኩዌስት የሚመልሱት ክፍሎች) ወደየፋይላቸው ይሄዳሉ። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው። መልእክቱን ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባው ራውት ወሬውን ወዲያው ለብሮውዘሩ ማድረስ ይፈልጋል፤ ሶኬቱ ግን ዋናው ፋይል ውስጥ ቀርቷል። እንዴት ይጋሩት? የተሳሳተው ሐሳብ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

«እያንዳንዱ የራውት ፋይል የራሱን አይኦ ይፍጠር»

አይሆንም። አይኦ ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለው የሶኬት አይኦ ዋና ኦብጀክት ነው፤ የሚያውቀውም በእሱ በኩል የገቡትን ክላየንቶች (ብሮውዘሮች) ብቻ ነው። አዲስ የፈጠራችሁት ባዶ ቤት ነው። ኢሚት ስታደርጉ (መልእክት ስትልኩ) ኤረር አይመጣም፣ መልእክቱም አይደርስም። ዝም። ሰው የሚያደክመው ይሄ ዝምታ ነው።

«ኮኔክሽን (ሰው ሲገናኝ የሚመጣውን ምልክት) የሚያዳምጠውን ኮድ ራውቱ ውስጥ ብጽፈው ያው ነው»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፤ ቀረብ ብለን እንየው። ተጠቃሚው ገጹን ሲከፍት ሶኬቱ ይገናኛል። ከዚያ «ላክ» የሚለውን ይጫናል፣ ሪኩዌስቱ ራውቱ ጋ ይደርሳል፣ ራውቱም «ሰው ሲገናኝ ጥራኝ፣ ሰላምታ እልክለታለሁ» ብሎ ይመዘገባል። ሰውየው ግን ቀድሞ ገብቷል! ምንም አይመጣም። ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርግ ሰላምታው ከች ይላል። ደስ ይላል። ሁለቴ ተጭኖ እንደገና ሪፍሬሽ ሲያደርግ ግን ያው ሰላምታ ሦስት ጊዜ ይመጣል። እያንዳንዱ ሪኩዌስት አንድ አድማጭ ጨምሯል፤ ያነሣው የለም።

11ኛው አድማጭ ላይ ኖድ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ካልተቀየረ በቀር ልኩ 10 ነው። አንዳንዱ ልኩን ከፍ አድርጎ ይገላገላል። ችግሩ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ማዳመጥ አንዴ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ነው። የራውቱ ሥራ መላክ ብቻ ነው።

«ፋይሉን ሪኳየር ባደረግሁ (ከሌላ ፋይል በጠራሁ) ቁጥር አዲስ ሶኬት ይፈጠራል»

ኖድ አንድን ሞጁል (የኮድ ፋይል) የሚያስኬደው መጀመሪያ ሲጠራ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያስቀመጠውን ያንኑ ይሰጣል። ስለዚህ አይኦን የሚይዝ ትንሽ ፋይል ለብቻው ማውጣት ይበቃል፦ አንዱ ፈንክሽን ይፈጥረዋል፣ ሌላው ያቀብላል። ራውቱ ዋናውን ፋይል መልሶ ከጠራ ግን ነገሩ ዞሮ ይጠላለፋል፤ ዋናው ገና ሳይጨርስ ስለተጠራ ራውቱ እጅ የሚገባው ባዶ ኦብጀክት ነው። ደግሞም አይኦን ከፋይሉ አናት ላይ ሳይሆን ሀንድለሩ (ሪኩዌስት ሲመጣ የሚሠራው ፈንክሽን) ውስጥ ጠይቁት። ፋይሉ ሲጫን ገና አልተፈጠረ ይሆናል።

«ያለ ግሎባል ቫሪያብል አይሆንም»

አይኦን ከየትኛውም ፋይል በሚታይ ግሎባል ቫሪያብል መያዝ ግድ አይደለም፤ ኤክስፕረስ ራሱ ማስቀመጫ ቦታ አለው። አይኦን «ሴት» (set) በሚለው ፈንክሽን የኤክስፕረሱ አፕ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ራውቱ ውስጥ በሪኩዌስቱ አፕ በኩል «ጌት» (get) በሚለው ታወጣላችሁ። ትንሽ ፕሮጀክት ላይ ለእኔ ከዚህ የሚቀል የለም።

«አይኦና ሶኬት አንድ ናቸው»

አይኦ አዳራሹ ነው፤ ሶኬት ውስጡ የተቀመጠ አንድ ሰው። በአይኦ ዝም ብላችሁ ኢሚት ካደረጋችሁ የአንዱን የግል መልእክት ሁሉም ያየዋል። ይህን ሲፈሩ ደግሞ ሶኬቱን ቫሪያብል ውስጥ ይዘው ለራውቱ የሚሰጡ አሉ፤ ቀጥሎ የገባው ሰው የፊተኛውን ይተካዋል። የሶኬት መለያ ቁጥርን መያዝም አያዛልቅም፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ይቀየራል። የሚያዋጣው ሩም (ሶኬቶችን በአንድ ስም የሚያሰባስብ ክፍል) ነው። ተጠቃሚው ማንነቱ ተረጋግጦ ሲገባ በራሱ መለያ የተሰየመ ሩም ውስጥ አስገቡት፤ ራውቱ ለዚያ ሩም ይላክ። በስልክም በኮምፒውተርም ቢገባ ሁለቱም ጋ ይደርሳል።

«አንዴ ካጋራሁት የትም ይሠራል»

በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ፣ አዎ። ሰርቨሩን በ4 ፕሮሰስ (ለየብቻቸው በሚሄዱ 4 የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ካስነሣችሁ ግን 4 አይኦ አለ፤ አንዱ ጋ የገባ ክላየንት ከሌላው የተላከውን አያገኝም። መሃል ላይ እንደ ሬዲስ አዳፕተር ያለ፣ መልእክቱን ከአንዱ ፕሮሰስ ወደ ሌላው የሚያሻግር አገናኝ ያስፈልጋል። በራሳችሁ ኮምፒውተር ስትሞክሩ ብዙ ጊዜ ይህ ችግር አይታይም፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነውና።