«ክሪቲካል ፓዝ» ማለት ዋናው ሥራ ማለት አይደለም

በፕሮጀክት ዕቅድ ውስጥ «ክሪቲካል ፓዝ» ሲባል ብዙ ሰው በጣም አስፈላጊ የሆኑት ሥራዎች ይመስሉታል። አይደለም። ተያይዘው ከሚሄዱ የሥራ ሰንሰለቶች ውስጥ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ነው። ፕሮጀክቱ ከዚያ ባነሰ ጊዜ አያልቅም።

ቤት እንሥራ እንበል። መሠረት 10 ቀን፣ ግድግዳ 15፣ ጣሪያ 5፣ በርና መስኮት መግጠም 3። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም፤ ድምሩ 33 ቀን ነው። በርና መስኮቶቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ጎን ለጎን ብረታ ብረት ቤት ይሠራሉ፤ 12 ቀን ይበቃቸዋል። የሚፈለጉት ጣሪያው ሲያልቅ፣ ማለትም ከ30ኛው ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ 18 ቀን መፈናፈኛ አላቸው። «ፍሎት» የሚባለው ይኸው ነው። ብረት ሠራተኛው በ6 ቀን ቢጨርስ እንኳ ቤቱ በአንድ ቀን አይቀድምም። ግድግዳው አንድ ቀን ከዘገየ ግን ርክክቡም አንድ ቀን ይዘገያል።

ሰው የሚሸወደው ቀጥሎ ነው። ረጅሙ ሰንሰለት ይቀየራል! በሮቹ 20 ቀን ቢዘገዩ የሚደርሱት በ32ኛው ቀን ነው፤ መግጠሚያው 3 ቀን ሲጨመር ፕሮጀክቱ 35 ቀን ይፈጃል፤ ክሪቲካል ፓዙም አሁን በብረታ ብረት ቤቱ በኩል ያልፋል። ያኔ ግንበኛውን «ቶሎ በል» እያሉ ማዋከብ ትርፉ ድካም ነው። እኔ ስሌቱን በየሳምንቱ እንደ አዲስ መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይረሳል።