አጫሽ ላይ የሚደበቀው የድድ በሽታ ምንድን ነው?

ሀዋሳ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ እየበላን ነበር። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛዬ ድንገት ማኘኩን አቆመና የታች የፊት ጥርሱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ይነቃነቃል። «ድዴ እኮ አንድም ቀን ደምቶ አያውቅም» አለኝ። ሲጋራ ከጀመረ 15 ዓመት አልፎታል።

ያታለለው አለመድማቱ ነው።

የድድ በሽታ የሚጀምረው ጥርስ ላይ ከሚለጠፍ፣ ባክቴሪያ ከሞላበት ስስ ቆሻሻ ነው። በጊዜው ካልጸዳ ይጠጥራል። ያኔ ቡርሽም መፋቂያም አያነሳውም። ድድ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሲቦርሹት ይደማል። ብዙ ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው ያንን ደም አይቶ ነው።

ኒኮቲን ግን የድድን ትንንሽ የደም ሥሮች ያጠባል። ስለዚህ የአጫሽ ድድ ታሞም ብዙ አይደማም፣ ብዙም አይቀላም። ላይ ላዩን ደህና ይመስላል። ውስጥ ውስጡን ግን ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይሠራል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ይበላል። ሐኪም ይህንን ኪስ በቀጭን መለኪያ ይለካዋል። ጤነኛ ድድ ላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። 5 ወይም 6 ከደረሰ ነገሩ ከሯል። የተበላ አጥንት ደግሞ በራሱ ተመልሶ አይመጣም።

ሲጋራ የሰውነትን የመከላከል አቅምም ያዳክማል። አጫሽ በድድ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከማያጨስ ሰው እጥፍ ያህል ነው። ቢታከምም ቶሎ አይሽርለትም። ጥርስ ተነቅሎ ቁስሉ አልድን የሚለውም ለዚሁ ነው።

በባትሪ የሚሠራው ሲጋራ፣ ቬፕስ? «ጭስ የለውም፣ እንፋሎት ነው» ይባላል። ኒኮቲኑ ግን ያው ኒኮቲን ነው። ፈሳሹ አፍ ያደርቃል፤ ምራቅ ሲያንስ ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቸዋል። ጫት ላይ የምታጨሱ ሰዎች ድርቀቱን በደንብ ታውቁታላችሁ። አገራችን በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ቬፕን ከሺሻ ጋር ከልክላለች። ወጣቶች እጅ ላይ ግን አሁንም አየዋለሁ፤ ያሳስበኛል።

ጓደኛዬ ጥርሱን አሳጠበ፣ ሲጋራውንም ተወ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደንግጦ ደወለልኝ። «ካቆምኩ ወዲህ ጭራሽ መድማት ጀመረ!» ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው «ማቆሜ ጎዳኝ» ብሎ የሚመለሰው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የደም ዝውውሩ ሲስተካከል ታፍኖ የኖረው መቆጣት መታየት ይጀምራል። በለስላሳ ቡርሽ መቦረሻችሁን ቀጥሉ። መድማቱ ካልተሻለው ለሐኪም አሳዩት።

አሁንም የምታጨሱ ከሆነ ግን ደም እስክታዩ አትጠብቁ። ሐኪሙ ጋ ስትቀርቡ ማጨሳችሁን ሳትደብቁ ንገሩት፤ ኪሱንም እንዲለካላችሁ ጠይቁት።