የውጤት ግሽበት ምንድን ነው?

የዋጋ ግሽበት ሲመጣ በእጃችን ያለው ገንዘብ ይበዛል፤ የሚገዛልን ዕቃ ግን አይጨምርም። የፈተና ውጤት ላይም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። ነጥቡ ከዓመት ዓመት ይወጣል፣ ልጁ የሚያውቀው ነገር ግን ባለበት ነው። በነጥቡና በዕውቀቱ መካከል የተከፈተው ክፍተት የውጤት ግሽበት ይባላል።

ኩረጃ ማለት አይደለም። አብዛኛው ግሽበት የሚመጣው ማንም ሳይዋሽ፣ አንድም ወረቀት ሳይሰረቅ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ እንይ። «አንድ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 7 ሲደመርበት 22 ይሆናል። ቁጥሩ ስንት ነው? ሀ) 4 ለ) 5 ሐ) 6 መ) 8።» ትክክለኛው መንገድ ከ22 ላይ 7 መቀነስ፣ የቀረውን ለ3 ማካፈል ነው። ግን ማን ይደክማል? 4ን ሞክር፦ 12 ሲደመር 7፣ 19። አይሆንም። 5ን ሞክር፦ 15 ሲደመር 7፣ 22። አለቀ፣ «ለ» ላይ አክብብ። (ይቺን ዘዴ ተጠቅሞ የማያውቅ እጁን ያውጣ።) አሁን ምርጫዎቹን እናንሳና 22ን በ24 እንተካው። መልሱ ሙሉ ቁጥር አይደለም፤ ከ5 በላይ፣ ከ6 በታች የሆነ ክፍልፋይ ነው። ልጁ እዚህ ላይ ቀጥ ይላል። የሚያውቀው ጥያቄውን እንጂ ሒሳቡን አልነበረም።

ፈተና ናሙና ነው። ዓመት ሙሉ ከተማሩት ውስጥ ጥቂት ደርዘን ጥያቄ ይወጣል፣ ከዚያ ተነስቶ ስለ ሌላው ይገመታል። ግምቱ የሚሠራው ያልተጠየቀውም ከተጠየቀው እኩል ከተጠና ብቻ ነው። የድሮ ፈተናዎች እጅ ላይ ካሉ ግን የትኛው ርዕስ እንደሚደጋገም፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይመጣ ይታወቃል። መምህሩ የማይመጣውን ይዘለዋል። ሥራው በነጥብ የሚመዘን ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

ነገሩ እንዴት እንደሚታይ ካሳዩት ጥናቶች የምወደው ዳንኤል ኮሬትዝ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረበው ነው። ስሙ ያልተገለጸ አንድ የትምህርት ቀጠና የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተናውን በሌላ ተካ። ውጤቱ በአንዴ የግማሽ የትምህርት ዓመት ያህል ወረደ። ከዚያ መምህራኑ አዲሱን ፈተና ለመዱት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ውጤቱ ወደ ቀድሞው ቦታ ተመለሰ። ተመራማሪዎቹ ታዲያ የተጣለውን አሮጌ ፈተና አንስተው በናሙና ለተመረጡ ልጆች ሰጡ። አሁን ደግሞ በዚያኛው ዝቅ ብለው ተገኙ። ዕድገት የተባለው ነገር ከፈተና ወደ ፈተና አልተሻገረም።

ጭነቱ ሲከብድ ግሽበቱም ይብሳል። «ማንም ሕፃን ወደኋላ አይቅር» የተባለውን ሕግ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ፈረሙ። በሕጉ መሠረት ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ የንባብና የሒሳብ ፈተና ይሰጥ ነበር፣ በ2014 ደግሞ ሁሉም ተማሪ «ብቁ» መሆን ነበረበት። ሁሉም! ዒላማውን ደጋግሞ የሳተ ትምህርት ቤት ሠራተኞቹ እስከ መቀየር ይደርስ ነበር። ታሪክ፣ ሙዚቃና ሥዕል ጊዜያቸውን ለሁለቱ የሚፈተኑ ትምህርቶች ለቀቁ። ማለፊያው አፍ ላይ ያሉ ልጆች ትኩረት ሲያገኙ፣ ከታች የራቁት «ለዘንድሮ አይደርሱም» ተብለው የተተዉበት ቦታም አለ። አትላንታ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ነገሩ ከግሽበት አልፎ ወንጀል ሆነ። በ2011 የወጣው የግዛቱ ምርመራ በ44 ትምህርት ቤቶች 178 መምህራንና ኃላፊዎች እጃቸው እንዳለበት ገለጸ። ላጲስ ይዘው የልጆቹን የተሳሳተ መልስ እያጠፉ ትክክለኛውን የሚያጠቁሩ ነበሩ።

አሜሪካ የጀመረችው ነገር አይደለም። እንግሊዝ በ1862 ለትምህርት ቤቶች የምትሰጠውን ገንዘብ ልጆች በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ከሚያመጡት ውጤት ጋር አስራ ነበር። ያኔ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ የነበረው ገጣሚው ማቲው አርኖልድ፣ ልጆችን ማንበብና ማስላት በደንብ ሳይችሉም ፈተናውን እንዲያልፉ ማድረግ እንደሚቻል በሪፖርቱ ጽፏል።

ተቺዎች ቶሎ የሚያልፉት ነገርም አለ። ያው የ2002 ሕግ ውጤት በዘር፣ በድህነትና በአካል ጉዳት ተለይቶ እንዲወጣ አስገድዷል። ከዚያ በፊት በጥሩ አማካይ ሥር ተሸፍነው የቀሩ ልጆች በዚህ ታይተዋል። እኔ ፈተና ይቅር ከሚሉት ወገን ያልሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቅሬታዬ ፈተናው ላይ በተንጠለጠለው ነገር ላይ ነው።

ግሽበትን የሚለኩትም በሌላ ፈተና ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የሚያገለግለው በምህጻሩ ኔፕ የሚባለው ብሔራዊ ምዘና ነው። በናሙና ለተመረጡ ተማሪዎች ብቻ ይሰጣል፣ አንዱ ልጅ የሚደርሰውም የጥያቄዎቹ ከፊል ብቻ ነው። የግዛቱ ውጤት ሽቅብ ሲወጣ ኔፕ ካልተንቀሳቀሰ፣ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ተማሪው የራሱን የኔፕ ውጤት አያውቅም፣ ርዕሰ መምህሩም አይጠየቅበትም። ስለዚህ ለኔፕ ብሎ የሚያጠና የለም።