የድኅረ ቅኝ አገዛዝ ፖለቲካን ስለሚያጠኑ ምሁራን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድኅረ ቅኝ አገዛዝ ፖለቲካን የሚያጠና ምሁር ምን እንደሚሠራ በአንድ ሰው የሥራ ሕይወት ማሳየት ይቻላል። ፕሮፌሰር ማሕሙድ ማምዳኒ በ1946 ቦምቤይ ተወልደው ካምፓላ ያደጉ፣ በዘርፉ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

«ቅኝ ግዛት ካበቃ ቆይቷል፤ ይህ ታሪክ እንጂ ፖለቲካ አይደለም።»

የቅኝ ገዥው ባንዲራ ሲወርድ፣ አገዛዙ የተከለው ሕግና መዝገብ አብሮ አልተነሣም። ማምዳኒ በ1996 «ዜጋ እና ተገዥ» በተሰኘው መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፣ ቅኝ ገዥዎች በከተማ ለሚኖረው ነጭ የዜጋ መብት የሚሰጥ ሕግ ሲያቆሙ፣ ገጠሬውን አፍሪካዊ ግን «ልማዳዊ» ባሉት ሕግ፣ ግብር ሰብሳቢም ዳኛም መሬት አዳይም በሆነ የጎሳ ሹም ሥር አስቀመጡት። ከነጻነት በኋላ በከተማው የነበረው የዘር አጥር ፈረሰ፤ የሹሙ ሥልጣን ግን በብዙ አገሮች ባለበት ቀጠለ። የሩዋንዳ መታወቂያ ወረቀት ጉዳዩን በቅርብ ያሳያል። የቤልጂየም አስተዳደር በ1930ዎቹ ባለቤቱ ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ መሆኑ የተጻፈበትን መታወቂያ አደለ፤ በ1962 ነጻ የወጣችው ሩዋንዳም ያንን መስመር አልሰረዘችውም። በ1994 በቱትሲዎች ላይ በተፈጸመው ዘር ማጥፋት ወቅት በየመንገዱ በተተከሉት ኬላዎች መታወቂያ አሳዩ የተባሉ ሰዎች በሕይወት ማለፍ አለማለፋቸው የተወሰነው በዚያው መስመር ነበር። ይህን ያየ ሰው ጥናቱ ያለፈ ነገር ቆፋሪ ነው ለማለት የሚደፍር አይመስለኝም።

«ጥፋቱን ሁሉ በነጭ ላይ መለጠፍ ነው።»

ይህ አባባል የምሁራኑን ሥራ ካለማንበብ የሚመጣ ይመስለኛል። ማምዳኒ ከነጻነት በኋላ የመጡትን መንግሥታትም በሁለት በኩል ተችተዋል፤ አንዳንዶቹ የሹሞቹን አገዛዝ እንዳለ በማቆየታቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ሹሙን አንሥተው በቦታው የፓርቲ ካድሬ በማስቀመጣቸው። ትችቱም ዋጋ አስከፍሏቸዋል። የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያንን ሲያባርር እሳቸውም በትውልዳቸው ምክንያት ከአገር ወጥተው ነበር፤ ተመልሰው ሲያስተምሩ ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ የፕሬዚዳንት ኦቦቴን መንግሥት በመተቸታቸው ዜግነታቸውን ተነጠቁ።

«ምዕራባዊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጦ ስለ አፍሪካ መጻፍ ነው።»

ሐርቫርድ ዶክትሬታቸውን ቢሰጣቸውም፣ የማስተማር ሥራቸው በታንዛኒያው ዳሬሰላምና በኡጋንዳው ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲዎች ነው የጠነከረው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ያዘጋጁት ስለ አፍሪካ የሚያስተምር ኮርስ ከባድ ውዝግብ አስነሣ፤ በምትኩ የቀረበው ኮርስ ደቡብ አፍሪካን ከአፍሪካ ለይቶ የሚያይና በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካ ምሁራን ጽሑፎች ላይ የተመሠረተ ነው ብለው በይፋ ተከራከሩ። የትኛው መጽሐፍ ለተማሪው እንደሚሰጥ መከራከር ከሥራው ዋና ክፍል እንጂ የጓዳ ንትርክ አልነበረም። በ1999 ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቢሄዱም፣ በ2010 የማከሬሬን የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ሊመሩ ተመልሰው የዶክትሬት ፕሮግራም አቋቋሙ።

«ምርምር ሳይሆን የትግል ጽሑፍ ነው።»

ማምዳኒ በ1965 ለጥቁር አሜሪካውያን መብት በተደረገው ትግል በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ታስረዋል፤ አቋም አላቸው። ነገር ግን በሩዋንዳና በሱዳኗ ዳርፉር ላይ የጻፏቸው ሥራዎች በባልደረቦቻቸው በማስረጃ ተሞግተዋል፤ እሳቸውም በማስረጃ መልሰዋል።

«ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም፤ እኛን አይመለከተንም።»

ማምዳኒ በጥር 2019 በኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ኢትዮጵያ ጽፈው፣ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት ያጸናው ብሔርን ከግዛት ጋር የሚያስተሳስር ፌዴራሊዝም ቅኝ ገዥዎች በሌላው አፍሪካ ከዘረጉት አሠራር ጋር ይመሳሰላል ብለዋል። በእኔ እምነት ንጽጽሩ ጉድለት አለው። የብሔረሰቦችን ጥያቄ በ1960ዎቹ መጨረሻ ያነሣው የራሳችን ተማሪዎች ንቅናቄ ነው፤ ከውጭ የመጣ ገዥ አልጫነብንም፤ ከበስተጀርባው ያለው በደልም የአገር ውስጥ ነው። ቢሆንም ጥያቄያቸው በቦታው ይቆማል። አንድ ገበሬ ትውልድ ቆጥሮ በኖረበት ቀበሌ «መጤ» ከተባለ የመሬትና የመመረጥ መብቱ የሚለካው በምንድን ነው? ማምዳኒ ይህንኑ የነባርና የመጤ ክፍፍል በምሥራቅ ኮንጎዋ ኪቩ፣ ኪንያርዋንዳ ተናጋሪዎች ዜግነታቸውን ሲከለከሉ አጥንተውታል።