ስለ ኮሪታ ኬንት ህትመቶች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካዊቷ ኮሪታ ኬንት (1918–1986 እ.ኤ.አ.) በሎስ አንጀለሱ ኢማኩሌት ሃርት ኮሌጅ ሥነ ጥበብ ያስተማረች፣ እስከ 1968 ድረስም የካቶሊክ መነኩሲት የነበረች የፖፕ አርት (ከማስታወቂያና ከሸቀጥ ምስሎች የሚነሣ ሥነ ጥበብ) ባለሙያ ናት። ስለ ሥራዎቿ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ሥራዎቹን ቀረብ ብሎ ካላየ ሰው የሚመጣ ነው።

«ህትመት ቅጂ እንጂ ወጥ ሥራ አይደለም።»
ኮሪታ በምትሠራበት የስክሪን ህትመት አስቀድሞ ተሥሎ ያለቀና የሚቀዳ ሥዕል የለም። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቅርጽ ይቆረጣል፤ ቀለሙም በፍሬም ላይ በተወጠረ ጨርቅ ውስጥ በጎማ እየተገፋ ወደ ወረቀቱ ያልፋል። ሥራው የሚወለደው ቀለማቱ ወረቀቱ ላይ ሲደራረቡ ነው። ቅጂው መብዛቱም ኮሪታ ሆን ብላ የፈለገችው ነው፤ ሥዕል ተራው ሰው በሚችለው ዋጋ እንዲደርሰው ትሻ ነበርና።

«የአንዲ ዋርሆልን መንገድ ቀዳች።»
በ1962 በሎስ አንጀለስ የታየው የታዋቂው የፖፕ አርት ሠዓሊ የዋርሆል የሾርባ ጣሳዎች ሥዕል ትርኢት እንደነካት እውነት ነው። ሆኖም በስክሪን ማተም የጀመረችው ከዚያ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብላ ሲሆን፣ የማስታወቂያ ጽሑፍንም እንዳለ አላቀረበችውም፤ ወረቀቱን አጣጥፋና አጨማድዳ ፎቶ ታነሳለች፣ የተጣመሙትንም ፊደላት ለህትመት ትቆርጣቸዋለች። በ1964 የቲማቲም ማስታወቂያ ቃል ወስዳ ለእመቤታችን ማርያም ማወደሻ ስታደርገው የሸቀጡ ቋንቋ ፈጽሞ ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። እኔ ከሥራዎቿ ሁሉ ደፋሩ ይህ ይመስለኛል።

«ቀለሟ ደማቅ ስለሆነ መልእክቷ የዋህ ነው።»
በነሐሴ 1965 በሎስ አንጀለሱ የዋትስ ሰፈር የጥቁሮች ዐመፅ ሲነሣ፣ ኮሪታ ዜናውን የያዘውን የጋዜጣ የፊት ገጽ እንዳለ አተመችው። ከገጹ ጋር በቀይ መደብ ላይ በእጅ የሰፈሩት ቃላት የሞሪስ ኡኤሌት ናቸው፤ እኚህ ቄስ በአላባማዋ ሴልማ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ትግል በመደገፋቸው በዚያው ዓመት ከከተማዋ እንዲነሡ የተደረጉ ናቸው። ጽሑፉ ከተነሣ ምስሉ ተራ የጋዜጣ ገጽ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ጌጥ፣ መልእክቱንም የዋህ ነው ማለት አይቻልም።

«የድሮ ምስሎችን የተጠቀመችው ከናፍቆት ነው።»
ምስሎቹ ለእኛ ያረጁ እንጂ ለእርሷ የዕለቱ ነበሩ። በ1968 እና በ1969 ባዘጋጀቻቸው ተከታታይ ህትመቶች የቬትናምን ጦርነት፣ ማርቲን ሉተር ኪንግንና የእርሻ ሠራተኞቹን መሪ ሴሳር ቻቬዝን ስታቀርብ፣ ፎቶዎቹን የወሰደችው የዘመኗ ሰው በየቤቱ ገልጦ ከሚያልፋቸው መጽሔቶች ነው።