መቁረጥ አይቻልም፣ መዝለል ግን ይቻላል

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት አንድ ቪዲዮ ቤት እንግዳ ሥራ ጀመረ። የታይታኒክ ካሴትህን ይዘህ ትሄዳለህ። 5 ዶላር ትከፍላለህ። ኬት ዊንስሌት ራቁቷን ሆና የምትሳልበት ትዕይንት ተቆርጦ ካሴቱ ይመለስልሃል።

ሞርሞኖች (ወግ አጥባቂ የሃይማኖት ተከታዮች) በሚበዙበት በዚህ ግዛት ፊልም ማጽዳት ብዙ ሳይቆይ ንግድ ሆነ። ስሙ የገነነው ክሊንፍሊክስ የተባለው ድርጅት ነበር። ኦሪጅናል ዲቪዲ ይገዛል፣ የስድቡን ድምፅ ያጠፋል፣ ወሲቡንና ደሙን ቆርጦ በባዶ ዲስክ ይገለብጣል። ከዚያ ማከራየት፣ መሸጥ ነበር። ክርክሩም ቀላል ነበር፦ ለእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ኦሪጅናል ገዝቻለሁ፤ ታዲያ ማን ከሰረ?

ዳይሬክተሮቹ ግን ነገሩ የብር ብቻ አይደለም ባይ ናቸው። ሌላ ሰው የቆራረጠው ፊልም በእነሱ ስም ይዞራላ! እርግጥ ለአውሮፕላንና ለቴሌቪዥን ሲሆን የእነሱም ፊልም ይቆረጣል። ልዩነቱ መቀሱን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው።

በ2002 የክሊንፍሊክስ የኮሎራዶ አጋር ‹ሥራዬ ሕጋዊ ነው ይባልልኝ› ብሎ ቀድሞ ፍርድ ቤት ሄደ። ስፒልበርግና ስኮርሴዜን ጨምሮ 16 ዳይሬክተሮች ተከሳሽ ሆኑ፤ ስቱዲዮዎቹም ገቡበት። በሐምሌ 2006 ዳኛ ሪቻርድ ማትሽ ለስቱዲዮዎቹ ፈረዱ።

በዚህ መሃል ግን በሚያዝያ 2005 የቤተሰብ ፊልም ሕግ ወጥቷል። ቤት ውስጥ ፊልም ሲታይ ትዕይንት መዝለልና ድምፅ ማጥፋት ይፈቀዳል፤ ቋሚ ቅጂ እስካልተሠራ ድረስ። ክሊርፕሌይ የተባለው ድርጅት የተረፈው በዚህ ነው። ዲስኩ አይነካም፤ የት ጋ እንደሚዘለል የሚያውቀው ማጫወቻው ነው። እኛ ቤት አባት ሪሞት ጨብጦ የሚሠራውን ሥራ ማሽን ተረከበው በሉት። ለተመልካቹ ፊልሙ ያው ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ያሸነፈው የቅጂ መብት እንጂ የዳይሬክተሩ ሐሳብ አይመስለኝም።

ቪድኤንጄል የተባለ ሌላ የዩታ ኩባንያ ደግሞ ይህንን ቀዳዳ በኢንተርኔት ሊያሰፋው ሞከረ። ዲስክ በ20 ዶላር ይሸጥልህና በማግስቱ በ19 መልሶ ከአንተ ይገዛው ነበር፤ የተጣራውን ፊልም በ1 ዶላር አየህ ማለት ነው። ችግሩ፣ ፊልሙን ለማሳየት የዲስኩን ቁልፍ ሰብሮ ሰርቨር ላይ ይገለብጥ ነበር። በ2016 ዲዝኒና ሌሎች ስቱዲዮዎች ከሰሱት። በ2019 ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) 62.4 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት፤ በዓመቱ በድርድር ወደ 9.9 ሚሊዮን ወረደለት።