ስፒከርን በቤት ውስጥ በማጣበቂያ መጠገን፤ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስፒከርን በማጣበቂያ መጠገን የተቀደደ ወረቀት (እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ሾጣጣ)፣ የረገፈ የዳር ስፖንጅ፣ የተላቀቀ ኮይል (ሾጣጣውን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ወይም ከቦታው የተንሸራተተ ማግኔት ያለበትን የድምፅ ማጉያ ተስማሚ ሙጫ መርጦ ወደ ሥራ የመመለስ ሙያ ነው። በአገራችን ከሚኒባስ ታክሲ አንስቶ በሠርግ ድንኳን እስከሚተከለው ትልቅ ሞንታርቦ ድረስ ስፒከር የማይገባበት ቦታ ስለሌለ (ሞንታርቦ የሚለው ስም ራሱ ከአንድ የጣሊያን አምራች መጠሪያ ወደ ዕቃው መጠሪያነት የተሸጋገረ ነው) ሙያው ሰፊ ተፈላጊነት አለው። አንዳንዶች ሥራውን እንደ ጊዜያዊ መላ ቢያዩትም ይህ አመለካከት ትክክል አይደለም። ስፒከር ከፋብሪካ ሲወጣም ወረቀቱ፣ ኮይሉ፣ የዳር ቀለበቱና የመሃል ክዳኑ እርስ በርስ የተያያዙት በሙጫ ነው። ጠንቃቃ ጠጋኝ የሚሠራውም ፋብሪካው የሠራውን ያንኑ ሥራ ነው።

በተንቀሳቃሽ ኮይል የሚሠራው ስፒከር የማን ፈጠራ ነው የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ነው። ጀርመናዊው ኧርንስት ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1874 የተንቀሳቃሽ ኮይልን ሐሳብ በፓተንት አስመዝግቧል፤ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ በ1898 ሐሳቡን አሻሽሏል፤ ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም ደግሞ በ1915 በካሊፎርኒያ ማግናቮክስ ብለው የሰየሙትን ማጉያ ሠርተዋል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1919 በሳንዲያጎ ለተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ የተናገሩት በማግናቮክስ ማጉያ ነበር። ይሁንና ዛሬ በየቤቱ ያለው ስፒከር ቅርፁን ያገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ በ1925 ባሳተሙት ጥናት መሆኑ አያጠራጥርም። ያለ ቀንድ (እንደ ጡሩምባ አፍ የሚሰፋ ማጉያ)፣ በወረቀት ሾጣጣ ብቻ ድምፅ የሚያወጣው ይህ ንድፍ በ1926 ራዲዮላ 104 በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ሾጣጣው የወረቀት በመሆኑ መቀደዱ፣ የተቀደደውም ተለጥፎ መዳኑ ከዚያው ጀምሮ አብሮት ኖሯል።

ጠጋኞችን ይበልጥ ያበዛው ግን የስፖንጅ ዘመን ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ አምራቾች ወረቀቱን ከብረት አካሉ ጋር የሚያገናኘውን የዳር ቀለበት ከፖሊዩሬቴን ስፖንጅ መሥራት ጀመሩ። ስፖንጅ ቀላልና ልል በመሆኑ ለወፍራም ድምፅ ይመቻል። ችግሩ የአየር እርጥበትና የፀሐይ ብርሃን ውስጡን ቀስ በቀስ ማፍረሳቸው ነው፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ጨርሶ ሳያረጅ በስሱ ቀለም ወይም ሙጫ ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቅቡ ቀለበቱን ስለሚያደነድነው ድምፁን እንደሚጎዳ ያዩ ጠጋኞች አይመክሩትም። የጎማና የጨርቅ ቀለበቶች ከስፖንጅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አላቸው።

ቀለበት መቀየር የሙያው ዋና ፈተና ነው። በመጀመሪያ አሮጌው ስፖንጅና ሙጫው ከወረቀቱ ጠርዝና ከብረቱ ላይ በስስ ቢላ ተፍቆ በአልኮል ይጸዳል። ከዚያም የመሃሉ ክዳን በጥንቃቄ ተቆርጦ ይነሣና በኮይሉና በመካከለኛው ብረት መሃል እኩል ውፍረት ያላቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች በአራት አቅጣጫ ይሰካሉ። ኮይሉ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ቀለበቱ ጥቂት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ኮይሉ ብረቱን እየፋቀ ያንሸዋሽዋል። አዲሱ ቀለበት ቀድሞ ከሾጣጣው ጋር፣ ያ ከደረቀ በኋላም ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። አንዳንድ ጠጋኞች ክዳኑን ሳይነኩ 30 ኸርዝ አካባቢ ያለ ዝቅተኛ ድምፅ እያስገቡ መሃሉን በጆሮ ያስተካክላሉ። ይህም ይሠራል፤ ለጀማሪ ግን የወረቀቱ ስልት የበለጠ ያስተማምናል። ሙጫው ከደረቀ በኋላ ሾጣጣው በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ተጭኖ ቀስ እያለ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲንቀሳቀስ፣ ጆሮ ተጠግቶ ምንም ፍቅታ ካልሰማ ሥራው ተሳክቷል፤ የተሰኩት ወረቀቶች ይወጡና ክዳኑ ይመለሳል።

ሙጫ የሚመረጠው ክፍሉ ይታጠፍ፣ ይሙቅ ወይም ዝም ብሎ ይቀመጥ እንደሆነ ታይቶ ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ በውሃ ይቀጥናል፣ ሲደርቅም በመጠኑ ይታጠፋል፤ ለስፖንጅና ለወረቀት ተመራጭ ነው። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ለጎማ ቀለበት በጣም ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ወገን ተቀብቶ ጥቂት ከደረቀ በኋላ ሲገናኝ ወዲያው ስለሚይዝ ግን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። በ1942 በሃሪ ኩቨር የምርምር ቡድን የተገኘውና በ1958 ለገበያ የቀረበው ሱፐር ግሉ ፈጣን ቢሆንም ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ነው፤ በሚታጠፍ ቦታ ላይ ማፍሰስ ስፒከሩን እንደ መግደል ይቆጠራል። ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኤፖክሲ ደግሞ ለማግኔትና ለኮይል ነው። ኮይል በከፍተኛ ጉልበት ሲሠራ እጅግ ስለሚሞቅ፣ በሙቀት የሚለሰልሰው ነጭ ኮላ እዚያ አይገባም፤ ኤፖክሲውም ሙቀት የሚችለው ዓይነት ሊሆን ይገባል።

የተቀደደ ወረቀት ለመጠገን ስስ የሶፍት ወረቀት በቀጠነ ኮላ ተነክሮ በስንጥቁ ላይ ከፊትም ከኋላም ይለጠፋል። የሶፍቱ ጠርዝ በመቀስ ከመቆረጥ ይልቅ በእጅ ቢቀደድ ቃጫው ከሾጣጣው ጋር ይዋሃዳል፤ ከደረቀ በኋላም ምልክቱ በጭንቅ ይታያል። ሙጫ ሲበዛ ሾጣጣው ይከብድና የድምፁ ባሕርይ ስለሚለወጥ፣ እዚህ ላይ ልከኝነት የሙያው ክብር ነው። ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የተሠራ ሾጣጣ ግን ሙጫን የማይቀበል በመሆኑ ልዩ ማዘጋጃ ፈሳሽ ካልተቀባ የተለጠፈው ሁሉ ይላጣል።

ከመጠገኑ በፊት ኮይሉ ሕያው መሆኑን መለካት የግድ ነው። ባለ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ 6 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል፤ ይህን ደግሞ ሙጫ አያድነውም። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ሲነካ ሾጣጣው ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የተነካበት ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው፤ በቆዩ የጄቢኤል ስፒከሮች ላይ ግን ይህ ተገላቢጦሽ ነው። በክፍተቱ ውስጥ የገባ የብረት ብናኝ በንፋስ አይወጣም፤ ማግኔቱ ይዞት ስለሚቀር በተጣባቂ ፕላስተር ጫፍ እየተለቀመ ይወጣል። የማስቲሽና የኤፖክሲ ሽታ ለጤና ጎጂ በመሆኑ ሥራው መስኮት በተከፈተበት፣ እሳትም በሌለበት ቦታ ሊሆን ይገባል፤ የተጣበቀው ስፒከርም ቢያንስ 24 ሰዓት ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ከቆየ በኋላ ነው ድምፅ የሚገባበት።